እጥፋት

መጋቢት ነው። ነፋሱ ካዳማ አይወጣም፣
የፍራንኮው አቧራ ፖስታ ቤት አይታጣም።
መዝጊያዬን ገፍቼ ቁልፌን ልፈልግ ስል፣
አንድ ልጅ ደረሰ፣ ሱሪ ይዞ በፌስታል፦
«ነገ ሁለት ሰዓት ኢንተርቪው አለብኝ፣
ረዝሟል መሰለኝ፣ ትንሽ ያሳጥሩልኝ።»

ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከሩቅ ሱፍ ይመስላል፣
ሲቀርቡት ጉልበቱ በካውያ አብረቅርቋል።
«ልቁረጠው?» ብለው ከበርጩማው ዘለለ፣
«አይቆረጥ ጋሼ! ይታጠፍ ብቻ» አለ።

አጠፍኩት።
አራት ጣት ወደ ውስጥ፣ በላላ ስፌት።
ሌንጂሳ ነው ስሙ። ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ፣
የተማረው ስለ ውኃ ግፊት።

በዐሥረኛው ቀን ደግሞ ሸምሱ የሚባል መጣ፣
እንደ ስልክ እንጨት ረጅም፣ መቀመጫ ያጣ።
«ያስረዝሙልኝ» ብሎ ፌስታሉን ሲፈታ፣
አወቅኩት ሱሪውን፤ የራሴን ክር፣ የቋጠሮዬን ቦታ።
ዝም አልኩ። ልብስ ሰፊ ገበና አይዘረዝርም፣
መርፌ ያየውን ሁሉ ለሰው አይናገርም።
ፈታሁለት።

«ጋሼ፣ ሌላስ ምን ልልበስ?» ይሉኛል ሁሉም፣
ኢንተርቪው ተቀምጬ እንደማላውቅ አያውቁም።
እኔን ሥራ ያስገባኝ፣ በዐሥራ ሦስት ዓመቴ፣
የካውያ ከሰል ማራገቤ ነው፣ በቁምጣ፣ በባዶ ደረቴ።
ግን እመልሳለሁ፣ እንደሚያውቅ ሰው፦
ነጭ ካልሲ ተው።
ኮቱ ከሰፋህ ቁልፉን ክፈተው፣ ሆን ብለህ አስመስል፣
ከጠበበህ አትተንፍስ፣ ስምህን ሲጠሩ ቀስ በል።
ጫማህን እዚያው በር ላይ አስጠርግ፣ ከቤትህ አይደለም፣
ያዳማ አቧራ ካንተ ቀድሞ ሳይገባ አይቀርም።
ላብህ እስኪደርቅ ጥላ ፈልገህ ቁም።
ክራቫትህን ደግሞ ከሸሚዝህ ጋር
በስፒል ያዘው ከውስጥ፤ የኛ ነፋስ ለሰው የለው ክብር።

ሦስተኛው ቃልአብ ነው። ሱሪውን አምፖል ፊት ዘረጋሁ፣
በእግሩ ጫፍ ዙሪያ መርፌ የበሳውን አየሁ፤
ብርሃን ይወጣበታል፣ እንደ ወንፊት፣ ረድፍ በረድፍ፣
አንዱ የሌንጂሳ ነው፣ አንዱ የሸምሱ፤ የዚህን የት ላጥፍ?

ያኔ አልቻልኩም። «ለመሆኑ ስንት ናችሁ?»
«አራት። አንድ ክፍል፣ አንድ ሱሪ። ኮቱ ያከራያችን ነው።»
«ታዲያ ማን ተቀጠረ?»
ሳቀ። ጥርሱ አማረ።
«እስካሁን ሥራ ያለው ሱሪው ነው፣ ጋሼ።»

ከውስጥ በኩል ገበር ለጠፍኩበት፣ ጨርቁ እንዳይሸሽ፣
እንደ ሁለቱ ሁሉ «ስታገኝ ትከፍላለህ» ብዬ ሸኘሁት ሲመሽ።
የዱቤ ደብተሬን ከፍቼ በማን ስም ልጻፍ፣ ግራ ገባኝ፤
«ሱሪው» ብዬ ጻፍኩ፤ «ሁለት ማጠፍ፣ አንድ መፍታት»፣
ሌላ ስም አልመጣልኝ።

አራተኛው አልመጣም። ሚያዝያም ገባ።
ነፋሱ ግን አልወጣ።

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣
አንድ ልጅ በደጄ በችኮላ ያልፋል፣
ወረቀት በብብቱ፣ ኮቱ ከትከሻው ሰፍቶ፣
ነፋስ ክራቫቱን ፊቱ ላይ አንሥቶ።
ስፒል አላደረገም! አልነገሩትም ማለት ነው?
መልኩን አላየሁትም። ዓይኔ ወደ ታች ነው።
ሱሪው ታጥፏል።
እኔ አላጠፍኩትም።
በራሱ እጅ ሰፍቶታል፣ የኔን ቀዳዳ እየተከተለ፣
ረጃጅም፣ ጠማማ፣ አንዳንድ ቦታ እየዘለለ፣
በነጭ ክር።

ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ፣ ክሩን ላቀልምለት፣
መንገድ ስሻገር ግን የመስታወቱ ፎቅ ዋጠው፣ በሩ ተዘጋበት።
ዘበኛው አየኝ፤ ቁና ቁና ስተነፍስ፣
ሜትሬ ካንገቴ ወርዶ በነፋስ ሲወዛወዝ።
«እርስዎም ለኢንተርቪው ነው?» አለኝ።