ካፖርት

ሳልሚያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣
አንዲት ጠባብ ክፍል፣ የኔ የምትሆን፤
ከበሯ ጀርባ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ ካፖርት።
የማዳሜ ልጅ ናት ከለንደን ያመጣችው፣
አንድ ቁልፉ ቢወልቅ እኔ ላይ የጣለችው።
ውጭው ሃምሳ ዲግሪ፣ አስፋልቱ ይፋጃል፤
ካፖርቴ ሚስማር ላይ በየዓመቱ ይከብዳል።
የጠርዙን ስፌት ፈትቼ፣ ጥቂት ግራም ከትቼ፣
እሰፋዋለሁ ደግሞ መብራቱን አጥፍቼ።

ስሜ ብርቄ ነበር። ፓስፖርቱ «ሐናን» ይላል፤
ደላላው በዕድሜዬ ሰባት ዓመት ጨምሯል።
የወርቁ ደረሰኝ ሁሉም በሐናን ነው፣
በወረቀት ሀብታም የሌለችው ሴት ነች።
ሳስበው ያስቀኛል፦ እሷ ቀድማኝ አርጅታ፣
እኔ ልሠራላት፣ እሷ ልትወጣ ጡረታ።

ጁምዓ ነው የኔ ቀን፣ ከአሥር ሰዓት ወዲያ፣
አውቶብስ ተሳፍሬ ወደ ሙባረኪያ።
ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ቀይ ሲል፣ ሲል አረንጓዴ፣
ላቤን እየጠረግሁ ይንቦጫቦጫል ሆዴ።
አቡ ነቢል የሚዛኑን ሳህን ይወለውላል፣
ትንፋሽም ይመዝናል ብሎ ትንፋሹን ይይዛል።

በመጀመሪያው ዓመት አምባር ነበር ያማረኝ፣
ቅጠል የተቀረጸበት። ክንዴ ላይ ለካልኝ፣
አየኝ፣ መልሶ አወለቀው።
«ልጄ፣ ቅጠሉን አትግዢ። ለቅጠሉ የከፈልሽው
ስትሸጪ አይመለስም። የሚመለስ ድፍኑ ነው።»
ከዚያ ወዲህ ድፍን ነው የምገዛው፤
ጥፍር የምታክል ጥፍጥፍ፣ በላስቲክ የታሸገች፣
አንገት የማታውቅ፣ ጣት ላይ ያልዋለች።

«ወርቅ አይወልድም» ይለኛል ወንድሜ በስልክ።
«ላም ብትገዢ ጥጃ አለ፣ ባጃጅ ብትገዢ የቀን ገቢ።»
እውነቱን ነው። አሥራ አራት ዓመት ጆሮዬን ሰጥቼዋለሁ፣
ካፖርቱ አንድም ቀን እምቧ አላለም።
ግን ለቤት መሥሪያ ብዬ የላክሁት ብርስ?
ቁጥሩ ቆሞ ቀረ፣ ሲሚንቶው ጥሎት ሄደ፤
ሃምሳ ኩንታል የነበር አሥራ ሁለት ወረደ።

ወርቁም ወርዶ ያውቃል፣ አልዋሽም።
አንድ በጋ ሙሉ ቀዩ ቁጥር አልጠፋ አለ፣
እህል አልወርድ አለኝ።
የሐወሊዋ ትርንጎ ያኔ ሸጣ አለቀሰች፣
ዋጋው ሲመለስም ደግማ አለቀሰች።
እኔ ሰሌዳውን ማየት ተውኩ። ልብስ ተኮስኩ።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ።
ይህን የተናገረ ሰው
በግራም ገዝቶ አያውቅም።

ማዳሜ ኡም ፈሐድ ጡረታ ወጡ ባለፈው ጥር፤
ኬክ መጣ፣ አበባ መጣ፣ ሳህኑን ያጠብኩት እኔ።
አሁን በየወሩ መጀመሪያ ስልካቸው ጭር ትላለች፤
ገባ ማለት ነው።
ለሐናን የሚጮህ ስልክ የለም።

ትናንት ሌሊት፣ ቤቱ ሲተኛ፣
ኤሲውን እስከ መጨረሻው አወረድኩት።
ካፖርቱን ለበስኩ።
ቁልፍ የጎደለውን ጎን በእጄ ሰብስቤ
አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እንደ አሮጊት፤
ከደጅ ሰው እንደሚጠብቅ፣ ደግሞ እንደማይጠብቅ።
ጉልበቴን ደግፌ ስነሳ
ጠርዙ ተወዛውዞ ቅልጥሜን መታኝ።
አመመኝ። ደስ አለኝ።
ሌላ እርምጃ ሄድኩ፣ ደግሞ እንዲመታኝ።

«ሐናን! ውሃ!»
አውልቄ ሰቀልኩት፣ ስቸኩል እጄ ዳሰሰው፤
ሚስማሩ ጎብጧል ለካ።
ነገ ወፍራም ሚስማር እገዛለሁ።