ዞር በል

የእኔ እንጀራ መሰላል ላይ ነው፤ ሥራዬ ዓይን መስቀል፣
ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ፣ ግድግዳ በስቼ ሽቦ መትከል።
ባለሱቁ ይከፍለኛል፣ እኔ እሰቅላለሁ፣
«አየኝ?» ይላል ከታች ቆሞ፤ «አየዎት» እላለሁ።
ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። ሻይ ይመጣል፣ ሒሳብ ይዘጋል፣
እሱ እዚያ ጥግ ተሰቅሎ፣ ይመሽበታል፣ ይነጋል።

አንዲት ነገር ግን ነበረች፣ እኔ ያልነገርኳቸው፣
ከፋብሪካው በካርቶን የመጣች፣ አንዲት ቃል ለሁላቸው።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤
ጣቱን መቁጠር የጀመረ ሕፃን እንኳ የማይሳሳት።
ለጦይባ ጨርቅ ቤት እሷው፣ ለጋሽ ሙሄ ወፍጮ እሷው፣
ለወርቅ ቤቱ፣ ለፋርማሲው… ማን ይለውጣት፣ ማን ያስታውሰው?
«የይለፍ ቃል» ይሏታል፤ ስሟን አላሳፈረችም፣
ላንኳኳ ሁሉ «ይለፍ» አለች፤ «ማነህ?» ብላ አልጠየቀችም።

ነሐሴ ነው። ጦሳ ጉሙን ደሴ ላይ ለቆ፣
የመንገዱን መብራት ሁሉ እንደ አስኳል ውስጡ ደብቆ፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ፣
ስልኬን ከፈትኩ፤ የሰቀልኩትን አንድ ባንድ ማየት አምሮኝ።
የጦይባ ጨርቅ ቤት። መቀሱ፣ ሜትሩ፣ ጥቅሉ አቡጀዴ፣
ጠረጴዛው ላይ ድመቷ። ሌላ ማንም የለ… እንዴ!
ካሜራው አንገቱን አዞረ።
ጣቴ አልነካውም። ጦይባ ተኝታለች። ታዲያ ማነው የዘወረ?
ቀስ ብሎ ወደ ካዝናው፣ ወደ በሩ፣ ቁልፍ ወዳለበት፣
ደሞ ወደ ጓዳው መጋረጃ፣ ሁለት ሴት ልጆቿ የሚያድሩበት።
እዚያ ላይ ቆመ።
ትንፋሹን ውጦ እንደሚያይ ሰው፣ አልተነቃነቀም፤ ከረመ።

ሌባ ቢሆን ኮቴው ይሰማል፣ ውሻ ይጮህበታል፤
ይሄ ግን ከየት እንደሚያይ ማን ያውቃል?
ከኮምቦልቻ ይሁን ከባሕር ማዶ፣ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣
እኔ በከፈትኩለት በር፣ በእኔ መሰላል ተንጠላጥሎ።

ሱቋ ሳይከፈት ደረስኩ፣ በጉም የራሰ ፊቴን ጠርጌ፣
«ጥፋቱ የኔ ነው፣» አልኳት፤ «ዓይን ሸጬልሽ፣ ቁልፉን በር ላይ አድርጌ።»
ሜትሩን አንገቷ ላይ እንደጣለች ሰማችኝ፣
«ስንት ሌሊት?» ብቻ አለችኝ።
አላወቅኩም። እስከ ዛሬም አላውቅ።

«ሱቅ ስከራይ መጀመሪያ ጓጉንቸሩን ነው የምቀይረው፣
ይሄ ቁልፍ እንዳለው ግን ማነው ለእኔ የነገረው?
አንተስ፣» አለች ቆይታ፣ «በዚያ ሰዓት ቤቴ ምን ታይ ነበር?»
መልስ ፈለግኩ። ጣራውን አየሁ። ጠፋኝ የምናገረው ነገር።

ወንበር ሳብኩላት። «አዲስ ቃል፣ ረጅም፤ ቁጥርና ፊደል ቀላቅለሽ፣
ሰው የሚያውቀውን ስም ትተሽ፣ ስልክ ቁጥርሽንም ትተሽ።»
ጣቷን አነሳች። ልትጽፍ ስትል ቀና ብላ አየችኝ፣
«ዞር በል» አለችኝ።

ዞርኩ። አፍንጫዬ አቡጀዴው ላይ። አዲስ ጨርቅ ይሸታል።
ከኋላዬ ጣቷ ይንኳኳል፣ ያስባል፣ ደግሞ ይንኳኳል።
ምን ይሆን? የሟች ባሏ ቅጽል? አባቷ የሸጡት በሬ?
እንጃ። የሷ ነው። እኔን አይመለከተኝም ከዛሬ።

ከዚያ ወዲያ ሰላሳ ሰባት ቤት። አንዳንዱ ሰደበኝ፣
ወርቅ ሠሪው ሻይ ጋበዘኝ፣ ፋርማሲስቱ «ዳግም እንዳትመጣ» አለኝ።
ጋሽ ሙሄ ደግሞ አዲሷን ቃል በጠመኔ
ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጻፏት፤ «እንዳትጠፋኝ ብዬ ነው እኔ!»
ደመሰስኳት። ሳቅን። አሰቡና ሌላ አወጡ፣
ከዚያ ዱቄታም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አስቀመጡ።

ዛሬም ሌሊት ጉሙ ያው ነው፤ እንቅልፍም ያው እምቢ ብሎኛል፣
አሮጌዋን ቃል ሞከርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… «ተሳስተሃል» ይለኛል።
የጦይባ ቤት፤ ተሳስተሃል።
የወፍጮ ቤቱ፤ ተሳስተሃል።
በገዛ እጄ በሰቀልኩት ዓይን ደጃፍ፣ እንደ ማንም መንገደኛ፣
ውጭ ቀረሁ። ደስ አለኝ። ስልኬን ደፋሁ፤ ልተኛ።