ከዜሮ እስከ አራት

ሥራዬ መደወል ነው፤ መጠየቅ፣ መመዝገብ፣
ሃያ አምስት ዓረፍተ ነገር ለማላውቀው ልጅ ማንበብ።
ዜሮ ማለት «በጭራሽ»፣ አራት ማለት «ዘወትር»፣
የልጅ ልብ ሊለካ በአምስት ዓይነት ቁጥር።

አፉላ ተዘግታ፣ ፋሲካ ተቃርቦ፣
መናፈሻው በሪባን ዙሪያውን ተከቦ፣
የሱፍ ፍሬ ቆይው ሱቅ መዝጊያውን ዘግቶ፣
የባለፈው ሳምንት ሽታ በር ላይ ቀርቶ።

የዕብራይስጡን «ሖሰን» ወደ አማርኛ ስመልሰው
ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።
«ጽናት» ብዬ ጻፍኩት፤ የጾመኛ ቃል መሰለ፣
የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አፍ ላይ አልዋለ።
«ጥንካሬ» አልኩት፤ እንደ በር መወርወሪያ ብረት ብረት አለኝ።
ኋላ «መቻል» ብዬ ተውኩት፤
ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው፣ እያወቅሁ የመረጥኩት፦
የሆነለትም «ቻልኩ» ይላል፤
የሆነበትም፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «ቻልኩ» ይላል።
ቅጹ የሚቆጥረው የትኛውን ነው?
አለቆቼን ብጠይቅ «ቀጥዪ» አሉኝ።

ፈንታሁን ድረስ። ዘጠነኛ ክፍል። ከመጣ ሦስት ዓመቱ።
«ስልኩ አንድ ነው፣ ለአራት ልጅ፤ የምንይዘው በተራ፣
ቶሎ በይ፣ የእህቴ ሒሳብ ሊጀምር ነው» አለ፣ ሳይኮራ ሳይፈራ።

«ፈንታሁን... በማን ፈንታ?»
መጠይቁ ውስጥ የለም፤ ከአፌ አመለጠ ላንዳፍታ።
«ከእኔ በፊት በሞተው። አሁን ደግሞ በአባቴ፤
እሱ ወገቡን ታሞ ተኛ፤ ሆስፒታል ትጠርጋለች እናቴ፣
የኮሮናውን ክፍል። ሌሊት ሌሊት።»

ድምፄን አስተካከልኩና፣ «ተራ ቁጥር አንድ፦
ነገር ሲለዋወጥ እችላለሁ።»
«ምኑ ሲለዋወጥ? አገሩ? ቋንቋው? ወይስ የቤቱ ቁልፍ?
ሦስት በይ። ጭምብሉን ግን አልቻልኩትም፣ ያሳክከኛል።»

«ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ ሲከብደኝ የምጠራው ሰው አለኝ።»
ዝም አለ። የልብስ ማጠቢያው ሲዞር በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።
«ሰውማ አለኝ። እሷም ግን ከብዷታል።
የከበደውን ሰው መጥራት ስንት ቁጥር ይባላል?»

ሳጥኑን ባዶ ልተወው ብል ኮምፒዩተሩ እምቢ አለኝ፤
ባዶ የሚባል መልስ የለም፤ ቀይ መስመር አሰመረብኝ።
ሁለት ጻፍኩ። ስለ ሁለት ማንም አይጠይቅም።

«ተራ ቁጥር አሥራ አራት፦ ቀኔን የምመራው ራሴ ነኝ።»

«መቶ ሜትር ነው አይደል የተፈቀደልን? ለክቼዋለሁ።
ከደረጃችን እስከ ባሕር ዛፉ፣ በእኔ እግር፣ መቶ ሠላሳ ሁለት እርምጃ።
የአውቶቡሱ ማቆሚያ ከዛፉ ወዲያ ነው፤ አሥራ ሁለት ይቀራል።
ንጋት ላይ እማ ስትመጣ ዛፉ ሥር እቆማለሁ፤
አልፌ ብይዛት ቅጣት አለ፤ ቅጣቱን ማን ይከፍላል?
አሥራ ሁለቱን እሷ ትጨርሰዋለች።
ከረጢቷን መሬት ታስቀምጣለች፣ እኔ አነሳለሁ፤
እጄን አትነካም፤ ‹ገና አልታጠብኩም› ትላለች።
እሷ ከፊት፣ እኔ ሁለት ሜትር ከኋላ፣ እንገባለን።
ይሄ ስንት ነው?»

«ከዜሮ እስከ አራት» አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።
«አንቺስ? አንቺ ስንት ነሽ?»
ጠያቂ አይመልስም፤ ደንብ ነው።
ደንቡን አከበርኩ።
እህቱ ስልኩን ነጠቀችው።

አሥራ አንድ ጥያቄ ቀረ። «ያልተሟላ» ብሎ ሠንጠረዡ ጣለው፤
በአፉላ ወጣቶች አማካይ ውጤት ውስጥ ፈንታሁን የለም።

አመሻሽ ላይ ከራሴ ደረጃ ተነስቼ እርምጃዬን ቆጠርኩ።
መቶ አርባ ላይ መቶ ሜትሬ አለቀ፣ በተዘጋ ፋርማሲ ፊት።
ቆምኩ።
አውቶቡስ መጣ፤ መብራቱን ሁሉ አብርቶ፣
ሾፌሩን ብቻ ይዞ፣
አለፈ።