እናትህን ሰላም በልልኝ

ከሒርማታ ገበያ ጀርባ፣ ከአወል ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣
ማይክ ይዤ ነበር የኖርኩት፣ የሕንዱን አፍ ስለውጥ።
ከሕንድኛ የማውቀው ሦስት ቃል፤ ሦስቱም ስለ ፍቅር ነው፤
የቀረውን ከፊቱ ላይ፣ ከቅንድቡ ነበር የማነበው።

«ልጆች አሉ፣ እናቶች አሉ፣ አፍህን ሰብስብ» አለኝ አወል።
ሰበሰብኩ። ስድቡን ሁሉ፣ ከምድጃ እንደ ወጣ ድንች፣
ከእጅ እጅ እያገላበጥኩ፣ እፍ እያልኩ ሳቀዘቅዝ ልውል።

ባለጢሙ በጎራዴ፣ ባለሻርፑን ሲያሳድደው፣
የእናቱን ስም እያነሣ፣ አፉን አረፋ ሲደፍቀው፣
እኔ በለሰለሰ ድምፅ፦ «እናትህን ሰላም በልልኝ!»
ቤቱ በሳቅ ይናጋል፤
ያልኩት ሳይሆን ያላልኩት ነው የሚያስጨበጭብልኝ።

ሲገድለው፣ «ከሠፈራችን አሰናበተው» እላለሁ፤
በር ተዘግቶ መብራት ሲጠፋ፣ «ብርድ ልብስ ተካፈሉ» ብዬ አልፋለሁ።
በራፏ ላይ ቀይ መብራት ያላትን፣ «ሌሊት የምትሠራ እኅት» ስላት፣
አንዲት አሮጊት ከኋላ፦ «ነርስ ናት እንዴ?» ብለው
ሳምንት ሙሉ ሳቅንባት።

ከተማው ለመደው ቃሌን። አጂፕ ጋ ባጃጅ ሲጋጭ፣
«እናትህን ሰላም በልልኝ!» ይላል ሾፌር ጥርሱን ሲያፋጭ፤
ያኛውም ድንጋይ ያነሣል። ሰላምታ ነበር መቼስ!
አረማመዱ አይጠፋም፣ ስድብ ነጠላ ቢለብስ።

አንድ ማታ፣ ሐምሌ ነው፣ ቆርቆሮው በዝናብ ሲንጫጫ፣
ባለጠጋው ለደሃው ልጅ አንድ ቃል ተፋበት፣
አጭር ቃል፣ የአፍ ጫፍ፣ የአፍንጫ።
አላወቅሁትም። ፊቱን አየሁና
ከአፌ የወጣው፦ «ሂድ ወዲያ፣ የፋቂ ዘር!»
አላለሰለስኩትም። የሚለሰልስም አልመሰለኝ፤
እናት የለበት፣ ጭን የለበት፣
በቤታችን እንደ ጨው ስንነሰንሰው ያደግን ቃል።
ሳቁ። ከወትሮው ይበልጥ ሳቁ።

ሸምሲያ በር ላይ ነበረች፣ ትኬት የምትቆርጠው፤
አባቷ አዌቱ ዳር፣ ቆዳ የሚያለፋው።
አላለቀሰች፣ አልተቆጣች፤ ሳንቲሙን ቆጠረች፤
በነጋታው ሣጥኑን ለአወል አስረከበች።
«ምነው?» ስላት፣
«ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለች።

ጉንፋን።
ያን ሁሉ የባዕድ አፍ ፈታሁ ስል የኖርኩ ሰው፣
ይህችን አንዲት ቃል ለመተርጎም
ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።

ያው ፊልም ተመልሶ መጣ፣ ሲዲው ተቧጭሮ፣ እየዘለለ።
ባለጠጋው አፍንጫውን ነፋ።
ማይኩን ከአፌ አራቅሁት።
ዝናቡ ብቻ።
«ተርጉም እንጂ! ታጁ፣ ተኛህ ወይ?»
ዝም አልኩ።
ከፊተኛው አግዳሚ አንድ ልጅ፣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣
ብድግ አለና፣
ጉሮሮውን ልክ እንደ እኔ ጠራርጎ፣
በእኔው ድምፅ፣
ቃሉን ሞላልኝ።