የመጥረጊያ ሽቦ

ሃምትራምክ፣ ዲትሮይት ጎን፤ ጥር ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት።
አዳራሹ የድሮ ፖላንዶች፣ ልምምዱ ምድር ቤት።
የኔ ሥራ መጥረግ ነው፣ መቆለፍ፣ መብራት ማጥፋት።

አራት ሆነው ገቡ በረዶ እያራገፉ፤
ለሁለት ሰዓት ተከራይተው ሌሊቱን ገፉ።

ኦዜል ፊት ነበር፣ ሰማንያ ሊደፍን ጥቂት የጎደለው፣
ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ የመኪና በር ሲገጥም የኖረው፣
ግራ እጁን አምና በበጋ ስትሮክ ጨብጦ ያስቀረው።
ከኋላው ሞኽሌስ፣ የሲልሄት ሰው፣ ታክሲ ነጂ፣
ቅል ላይ የተወጠረች አንዲት ጅማት ብቻ ያለችው፣
ፈጣሪን «አንተ» እያለ እንደ ጎረቤት የሚጣላው።
ዳኑታ፣ የቅዳሴ ኦርጋን መቺ፣ ስልሳ ዓመት በአንድ ደብር፣
ከገጹ ቁጥር ወጥታ አንድ ሌሊት የማታድር።
ሙርሺድም፣ የመናዊ ጎረምሳ፣ ከዳቦ ቤቱ ጓሮ
ይዞ የመጣው ከበሮ፦ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ።

መጀመሪያ አልሆነም።
«ብሉዝ አሥራ ሁለት ደረጃ ነው» ይላል ኦዜል፣ «ወጥተህ ትወርዳለህ፤ መጨረሻው መነሻው ነው።»
«የኔ ዜማ ቤት የለውም» ይላል ሞኽሌስ፣ «ወንዝ ነው፤ ወደ ኋላ አይልም።»
ሙርሺድ በአምስት ሲመታ የሌላው እግር በአራት ይረግጣል።
ዳኑታ መነጽሯን ጠርጋ፣ «ስንተኛው ገጽ ላይ ነን?»
ሦስት ጊዜ ጀመሩ። ሦስት ጊዜ ተሳሳቁ።
አራተኛው ላይ ማንም አልሳቀም።

ኦዜል ጊታሩን ከፈተ፣ አየው፣ መልሶ ዘጋው።
ዓይኑ ሲዞር ሲዞር የኔን መጥረጊያ አገኘው።
«የማን ነው?»
«የአዳራሹ።»
«እንግዲያ የእግዜር ነው።»

ሙርሺድ በጉጠት ፈታለት ከአንገቱ የተጠመጠመውን፤
ሁለት ምስማር፣ ከሥር የኪያር ብልቃጥ፤ ግድግዳው ላይ ወጠሩ ሽቦውን።
ያ የማይዘረጋ ጭብጥ፣ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት፣
የሰናፍጭ ጠርሙስ ቢያስይዙት ልክ ገባበት።
በሰባት ዓመቱ፣ ሚሲሲፒ፣ የአክስቱ ቤት ግድግዳ ላይ፣
እንዲሁ ሽቦ ሰርቆ ተገርፏል፤ ቤቱ ግን ጮኋል እስከ ሰማይ።

መጀመሪያ ዜማ አልነበረም፤ ዘይት ያልነካው ማጠፊያ፣
በሌሊት የሚከፈት በር፣ የሚያቃስት መዝጊያ።
ቀጥሎ ግድግዳው ራሱ አጉረመረመ ከደረቱ፤
«አቤት» አለች የሞኽሌስ ጅማት፣ የጠሯት ይመስል ከቤቱ።

ግድግዳ ስጡኝ፣ ጌታዬ፣ ሽቦዬ ማረፊያ የለውም፤
ኧረ ግድግዳ ስጡኝ፣ ሽቦዬ ማረፊያ የለውም፤
ግድግዳ ባገኝም ደግሞ፣ ማዶ የሚሰማኝ የለም።

አለ ኦዜል። ሞኽሌስ በራሱ ቋንቋ «የልቤ ሰው» ብሎ ተቀበለ፤
ዳኑታ ማርያምን ጠራች፣ አንዲት ድምፅ ላይ ጣቷን ተክላ፣
አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ገጹን ረስታ።
ማን ማንን እንደጠራ እኔ አልለየሁም።
የማሞቂያው ቧንቧ እንኳ ሲንኳኳ ቦታ ሰጡት፤
የሙርሺድ አምስትም አራቱ መሃል ገብቶ ተቀመጠ፣
ጠባብ ወንበር ላይ ፈቀቅ እንዳሉለት እንግዳ።

ሊነጋ ሲል አዛን መጣ በመስኮቱ።
ሙርሺድ እጁን ከቆርቆሮው አነሣ።
ኦዜል በጠርሙሱ ሽቦው ላይ ያንን ድምፅ ፈለገ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይመታ፤
አገኘው፤ ግንባሩ ሲፈታ አየሁት።
አልነካውም።
አዛኑ እስኪያልቅ ጠርሙሱን እዚያው ላይ ይዞ ቆየ።

ሄዱ። ሽቦው ቀረ።
ወለሉን የጠረግኩት በእፍኝ ሣር ነው፣ አጎንብሼ፣
እጄ ሳላዘው በአምስት እየቆጠረ።
በጎደለ ዕቃ መዝገብ ላይ «አንድ መጥረጊያ» ብዬ ጻፍኩ፤
ምክንያት በሚለው ፊት ለፊት «ተሰበረ» አልኩ፤ ሰረዝኩ።
«ጠፋ» አልኩ፤ እሱንም ሰረዝኩ።
የቆሻሻ መኪና በውጭ አለፈ፤ ሽቦው ለብቻው ነዘረ።
ጻፍኩ፦ «ዘመረ።»