መስኮቱን ዝጉት

ታኅሣሥ ነው፣ ቅዳሜ፣ ጎንደር መናኸሪያ፤
ስምንት ክንድ ጥቅል ከሚኒባስ ጣሪያ
ከበግ ጋር ታሰረ፣ ከዘይት ጄሪካን፤
ረዳቱ «ምንድን ነው? ይኼ የማን ድንኳን?
ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» ብሎ ቢጠይቀው
እንየው አንገቱን አከከና «ገና ነው፤
አልለየም» አለው።

ገና ከመውጣታችን፣ ገና ሳናልፍ ኬላ፣
«መስኮቱን ዝጉት!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፤
«ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል!» ሌላውም ደገመ፤
ተዘጋ። መኪናው በላብ፣ በበርበሬ ታመመ።
እኛ ደግሞ ያን ሁሉ ታፍነን የምንጓዘው
በገዛ ገንዘባችን ንፋስ ሊመታን ነው።

እንየው ሰኞ እስከ ዓርብ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤
ከፒያሳ እስከ አዘዞ ከበር በር የሚያዞረው
የሌላ ሰው ቁጥር፣ የሌላ ሰው ዕዳ፤
ውሻ ነክሶት ያውቃል፣ ሁለቴ፣ በማለዳ።

ክንፉን ሰፋች አንጓች፣ ጃንጥላ የምትጠግን፤
በሜትር አስከፈለች። ስፌቱን ግን፣
ማንም ሳይጠይቃት፣ ሦስቴ አመላለሰች፤
«ጃንጥላ ቢያፈስ ሰው ይረጥባል» አለች፤
«ይኼስ?»
አልጨረሰችውም። ክሩን በጥርሷ ብጥስ።

ኮሶዬ ወረድን። መሬቱ እዚያ ያልቃል፤
ከዚያ ወዲያ ቆላው ነው፣ ተራራ በተራራ ላይ ይደበዝዛል።
አያ ጀንበሩ አውድማው ላይ፣ ላይዳቸውን ተደግፈው፣
እንደኛው ንፋስ ጠባቂ፤ ስንዴው ተወቅቷል፣ የቀረው ማናፈስ ነው።
እፍኝ ገለባ ዘግነው ሽቅብ ረጩት፤
ገለባው ዞረ፣ ተንገዳገደ፣ ወደቀ። «ተዉት፣
ይኼ አባይ ነው» አሉ፣ «መጣሁ ብሎ የሚቀር።»
ተቀመጥን። ዳቦ ቆረስን። ንፋስ የሚጠብቅ ሰው አያጣም ነገር።

«ምን ይጭናል?» አሉ። «ሰው ብቻ።»
«የት ያደርሳል?» «ታች፣ እዚያች ማሳ ዳርቻ።»
«ታዲያ በእግሩ አይወርድም?»
እንየው መልስ አጣ። እኔም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገለባው ሽቅብ ወጥቶ ቀረ።
ሽማግሌው ላይዳቸውን፣ እኛ ክንፉን፤ ሁሉም ሥራውን ጀመረ።
የቤቱን ቁልፍ፣ ስልኩን፣ የቆጣሪ መዝገቡን ደግሞ
«ያዝልኝ» አለ፣ ከገደሉ አፍ ቆሞ።

የእኔ ሥራ ትንሽ ናት፦ የፊቱን ሽቦ ማነቅ፣
ዓይን ዓይኑን ማየት፣ «ልቀቅ!» ሲል መልቀቅ።
ሦስት ዓመት ሠራሁት፤ እጄ ግን ዛሬም
አንድ ትንፋሽ ሳይዘገይ አይታዘዝም።

«ልቀቅ!»

አንድ እርምጃ። ሁለት። ሦስተኛው ቀለለ።
አራተኛው እግሩ መሬት ፈልጎ አጣ፤ ተንጠለጠለ።
ከዚያ የቀረው ድምፅ የሸራ ሹክሹክታ፣ የሽቦ ፉጨት፤
ከገደሉ ሥር አንድ ጥንብ አንሣ
ሊያየው መጣ፣ እየዞረ፣ አዲስ ተከራይ እንደሚያይ ጎረቤት።
ክንፍ ለክንፍ ዞሩ። እንየው ገባ፣
ቆጣሪ የሌለው ቤት።

አያ ጀንበሩ ላይዳቸውን አቁመው፣ በመዳፋቸው ፀሐይ ከልለው፣
«ገለባ ነው ለካ» አሉ፣ ሽቅብ ሲሄድ አይተው።
ዝቅ፣ ዝቅ ሲል ጊዜ፣ ቀስ ብለው፣
«አይ፤ ፍሬም አለው።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ወረደ፤
የታጨደ ማሳ ላይ በጉልበቱ አረፈ፣ ሱሪው ተቀደደ።
በእግሩ የሄደው ሽቅቡን ነው፤ ክንፉን በትከሻ ተጋግዘን፣
ሁለት ሰዓት ዳገት፣ በእሾህ ተቧጭረን፣
ላብ በላብ ሆነን።

ማታ፣ የመጨረሻዋ መኪና፣ ያው ጥቅል ከላይ፤
እንየው መስኮቱን ከፈተ፣ በጣት ውፍረት፣ ጨለማውን ሊያይ።
አጠገቡ የተቀመጡት እናት ክንዱን ነካ አድርገው
«ዝጋው ልጄ፣ ንፋስ ይመታሃል» አሉት ሳስተው።
«መትቶኛል፣ እማማ» አለ።
ዘጋው።

መናኸሪያው ደርሰን ቁልፉን ስመልስለት
እጄ፣ አሁንም፣ አንድ ትንፋሽ ዘገየ ሳልለቅለት።