ረቂቅ

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጉሙ ጦሳን ሳይለቅ፣
መምህር ይመር ሙሄ ይዘው ይመጣሉ አንድ ትልቅ ረቂቅ።
ከፒያሳ ቁልቁል፣ ፎቶ ቤቱን አልፎ፣ እኔ ነኝ ጸሐፊው፤
ማመልከቻ፣ ውል፣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ ሁሉም በእኔ ጣት ነው የሚያልፈው።
የሳቸው ግን ሌላ። ርዕሱ እንዲህ ይላል፦
«የዓለም ጠቢባን ሸንጎ መተዳደሪያ ደንብ»፣ በደማቁ፣ መሐል ለመሐል።

ጂኦግራፊ አስተምረውኛል፣ ሆጤ። ቦርከናን በጠመኔ ስለው
«ወንዝ የይለፍ ወረቀት አይጠይቅም» ሲሉ፣
ከኋላ ወንበር እንስቅ ነበር፣ ክፍሉ በሙሉ።
ዛሬ ጡረታቸው ወር አያደርስም፣ ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል፤
ሐሳባቸው ግን ሌላ ነው፣ ዓለም በማን ይጠበቃል።

የመጀመሪያው ረቂቅ መቶ አሥራ ሁለት አንቀጽ ነበረው።
ጦር የሚያዝ አንድ ሰው የለም፤ ሸንጎው ነው የሚያስረው፣ የሚፈታው።
ከየአህጉሩ አሥር ጠቢብ፣ ሀብት የሌለው፣ ዘር የማይቆጥር፣
ሲሾም የሚደነግጥ፣ ሲሻር ደግሞ የሚዘምር።
«መምህር፣» አልኩ፣ «ጠቢቡን ማን ይመርጠዋል?»
መነጽራቸውን ጠረጉ። «ጠቢብ ይመርጠዋል።»
«እሱንስ?» አልኩ። ሳል ያዛቸው። «እሱን አንቀጽ ሠላሳ ላይ እናየዋለን።»
ሠላሳ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ፤ ለሳምንት ተቀጣጥረን ተለያየን።

ከዚያ ያ ጥቅምት መጣ። ከተማው በሌሊት ወጣ፣
ፍራሽ በጀርባ፣ ሕፃን በእቅፍ፣ በሀረጎ ቁልቁል፣
ማን እንደቀረ ማን እንደመጣ።
ስመለስ በሬ ተገንጥሎ፣ ማተሚያው የለም፣ ኮምፒውተሩ የለም፤
ከነሆዱ ወስደውታል የመቶ አሥራ ሁለቱን አንቀጽ ዓለም።
የሰላሙን ደንብ የሰረቀው ሰው ከፍቶ አንብቦት ይሆን?
አንድ ገጽ እንኳ፣ ከመሸጡ በፊት፣ ማታ፣ ብቻውን?

መምህር በትር ይዘው መጡ፣ ከስተው። «ከራሴ እናገራለሁ፣ አንተ ጻፍ።»
ያስታወሱት ሃያ ሦስት። የቀረው አዝዋ ገደል ይግባ፤ ሊተርፍ ያለው ነው የሚተርፍ።
«ረቂቅ ማለት፣» አሉ ለብቻቸው፣ «ያላለቀ ነው፣ ደግሞም የማይጨበጥ፤
ሁለቱም ሆነብኝ። በል፣ ጥቂቱ እንኳ በወረቀት ይቀመጥ።»

በዚያው ሰሞን ውሃ ጠፍቶ፣ ቦኖው በአሥር ቀን አንዴ ሲከፈት፣
ቢጫው ጀሪካን ከመስጊዱ አጥር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲዘረጋበት፣
ቁልፉ ዘሃራ አበጋዝ ጋ ነው። ዘሃራ ፊደል አልቆጠረች፤
ጀሪካኑን ግን በእግሯ ጣት እየነካች አንድ በአንድ ቆጠረች።
አንዱ ጠመንጃ አንግቶ መጣ። «ቅድሚያ!» አለ።
«ቅድሚያ ለአራስ ነው፤ አራስ ነህ?» አለችው።
ሰልፉ በሳቅ ወደቀ። ሰውየው ጀሪካኑን ከኋላ አኖረው።
ውሃው መሐል ላይ ሲቋረጥ፣ የቀዱት ላልቀዱት አጎደሉ፤
የዘሃራን ባዶ ጀሪካን ያዩት መምህር ብቻ ናቸው፣ ከሰልፉ ጫፍ ቆመው ሳሉ።

«ላጭሽ ነው፣» አሏት፣ «ለዓለም ሸንጎ።» «ኧረ ባል አለኝ!» ብላ ሳቀች፤
ቆይታ ግን፣ ነገሩ ሲገባት፣ ቁልፉን በሻርፗ ጫፍ ቋጠረች።
«ዓለም ውሃ አላት?» አለች። «ሰልፉስ ስንት ይሆናል?
እኔ ከዚህ ብሄድ፣ ሐሙስ ተራችን ነው፣ ቦኖውን ማን ይከፍታል?»

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ረቂቁ ግማሽ ገጽ ሆኗል።
መምህር ያነባሉ፤ ድምፃቸው ከሳላቸው ጋር ይታገላል።
«አንቀጽ አንድ፦ ቁልፍ የያዘ ሰው መጨረሻ ይቀዳል።
አንቀጽ ሁለት...» ቆሙ። ጉሙን በመስኮት አዩ። «ሁለት ይቆይ፣ ይደርሳል።»

«ማን ይፈርምበት?» አልኩ። «ለማን ነው የምንልከው?»
አላወቁም። አንዱን ቅጂ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤
አንዱን እኔ ከሐዘን ማስታወቂያው ሥር፣ በሬ ላይ ለጠፍኩት።
ሰኞ ስከፍት፣ በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፣ አንድ ሰው
«ውሃው መቼ ነው?» ብሎ ጽፎበታል። እጁን ማን ይወቀው።